የኦዞን ስምምነትና የማቀዝቀዣ ዕቃ ንግድ

የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ሲባል አስቀድሞ በአሳብ የሚመጣው የፋብሪካ ጢስ፥ የወንዝ መበከልና የደን መጨፍጨፍ ነው። በዚህም ምክንያት ነገሩ የባለ ፋብሪካውና የገበሬው እንጂ የነጋዴው ጕዳይ መስሎ አይታይም። ይሁን እንጂ እስካሁን ከተደነገጉት ዓለም አቀፍ የአካባቢ ሕጎች መካከል መልካም ፍሬ በማፍራት በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው ሕግ የተተከለው በጢስ ማውጫ ላይ ሳይሆን በጉምሩክ በር ላይ ነው። ይኸውም የኦዞንን ሽፋን የሚያሳሱ ጋዞችን ለመቆጣጠር በ1987 በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ የተፈረመው ፕሮቶኮል ነው።

ማቀዝቀዣና የቤት አየር ማቀዝቀዣ የሚያስመጣ ነጋዴ፥ ሥጋና ፍራፍሬ በቀዝቃዛ ኮንቴነር የሚልክ ነጋዴ፥ እህሉን በመድኃኒት አሳጥኖ የሚጭን ላኪ፥ በሱቁ ውስጥ ፍሪጅ የሚሸጥ ወይም የሚያስጠግን ባለ ሱቅ፥ እነዚህ ሁሉ በየዕለቱ ከዚህ ሕግ ጋር ይገናኛሉ። ነጋዴው ሕጉን ሳያውቅ ያዘዘው ዕቃ ወደብ ደርሶ በታገደ ጊዜ የባንክ ወለድ፥ የመጋዘን ኪራይና የኮንቴነር መዘግየት ክፍያ ተደራርበው ትርፉን ብቻ ሳይሆን ዋና ገንዘቡንም ይበሉበታል። ስለዚህ የሕጉን አመጣጥ፥ አሠራሩንና አፈጻጸሙን መረዳት የንግድ ሥራ ዕውቀት አንዱ ክፍል ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጋዙ ወደ ገበያ እንዴት እንደ ገባ

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የነበሩት ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በአሞኒያ፥ በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በሜቲል ክሎራይድ ጋዝ ነበር። እነዚህ ጋዞች የማቀዝቀዝ ኀይላቸው መልካም ቢሆንም ከቧንቧው ሾልከው በወጡ ጊዜ ሰውን የሚመርዙ ወይም የሚቃጠሉ ስለ ነበሩ፥ ማቀዝቀዣን በመኖሪያ ቤት ማስገባት የሚያስፈራ ነገር ነበር። በ1928 ቶማስ ሚድግሌይ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የማይመርዝና የማይቃጠል ጋዝ ለዚህ አገልግሎት እንዲውል አደረገ። የጋዙ ዓይነት ክሎሮፍሎሮካርቦን ይባላል፤ በገበያ ላይ ግን ፍሬዮን በሚለው የንግድ ስም ታወቀ።

ፍሬዮን ለንግዱ ዓለም ታላቅ በረከት መስሎ ታየ። ዋጋው ርካሽ፥ ጠባዩ ጸጥተኛ፥ ዕድሜው ረዥም ስለ ሆነ ከማቀዝቀዣ አልፎ ለሽቶና ለፀጕር ቅባት መርጫ ጣሳ፥ ለፍራሽና ለግድግዳ ስፖንጅ ሥራ፥ ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ማጠቢያም ዋለ። የመልካምነቱ ምክንያት የሆነው የማይበሰብስ ጠባዩ ግን የጥፋቱም ምክንያት ሆነ። በ1974 ማርዮ ሞሊናና ሼርዉድ ሮውላንድ የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ጥናት ነገሩን ገለጡ። ጋዙ በታችኛው አየር ውስጥ የሚያፈርሰው ነገር ስለሌለ ቀስ በቀስ ወደ ላይኛው አየር ይወጣል፤ በዚያም ብርቱው የፀሐይ ጨረር ሲመታው ተሰባብሮ ክሎሪን ይለቅቃል፤ ክሎሪኑም የኦዞንን ሽፋን ያፈርሳል። ይህ የኦዞን ሽፋን በብዛት የሚገኘው ከምድር በላይ ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ሲሆን፥ አልትራቫዮሌት የተባለውን የሚጎዳ ጨረር ይከላከላል። ሽፋኑ ሲሳሳ የቆዳ ነቀርሳና የዓይን ሞራ ይበዛሉ፤ አዝመራም ይጎዳል።

ከጥናቱ በኋላ 11 ዓመታት ያህል ክርክር ሆነ። ጋዙን የሚሠሩት ፋብሪካዎች ነገሩ በማስረጃ አልጸናም ብለው ተከራከሩ። በ1985 ግን ፋርማን፥ ጋርዲነርና ሻንክሊን የተባሉ እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች በደቡብ ዋልታ በሃሊ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት የለኩትን ልክ አሳተሙ፤ በዚያ አገር የጸደይ ወራት የኦዞኑ ሽፋን እጅግ መሳሳቱም በግልጽ ታየ። ሞሊናና ሮውላንድ ከፓውል ክሩትሰን ጋር በ1995 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ሕጉ እንዴት እንደ ጠነከረ

የሕጉ አወጣጥ ደረጃ በደረጃ ነበር። አስቀድሞ በ1978 የአሜሪካ መንግሥት አስፈላጊነት በሌላቸው የመርጫ ጣሳዎች ውስጥ ጋዙ እንዳይገባ ከለከለ። ነገር ግን አየር ድንበር የለውምና የአንድ አገር ክልከላ ብቻውን በቂ አልነበረም። በ1985 በቪየና ስምምነት ተፈረመ፤ ይህም ስምምነት መንግሥታት በምርምርና በመረጃ ልውውጥ እንዲረዳዱ የሚያዝ እንጂ በቍጥር የተወሰነ ግዴታ የሚጥል አልነበረም።

ቍጥር ያለው ግዴታ የመጣው በመስከረም 16 ቀን 1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ፕሮቶኮል ነው። በዚያን ቀን 24 አገሮችና የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበር ፈረሙ፤ ሕጉም ከጥር 1 ቀን 1989 ጀምሮ ጸና። የመጀመሪያው ጽሑፍ የሚጠይቀው ነገር መጠነኛ ነበር፤ አምስት ዓይነት ክሎሮፍሎሮካርቦኖች በ1986 ከነበረው ልክ በግማሽ እንዲቀነሱ ያዝዝ ነበር። ሆኖም ፕሮቶኮሉ አዲስ ዕውቀት በተገኘ ቍጥር እንዲጠብቅ ተደርጎ የተሠራ ነበርና በ1990 በሎንዶን የተሰበሰቡት መንግሥታት ጋዞቹ እስከ 2000 ድረስ ፈጽሞ እንዲቀሩ ወሰኑ፤ በ1992 በኮፐንሃገን ደግሞ ቀኑን ለበለጸጉት አገሮች ወደ 1996 መጀመሪያ አቀረቡት።

ነጋዴ ከዚህ የሚማረው ነገር አለ። የአካባቢ ሕግ በመጀመሪያ ሲወጣ የላላ መስሎ ይታያል፤ በዚህም ብዙ ሰው ይዘናጋል። ሕጉ ግን በየጊዜው የሚጠብቅ ገመድ ነው። አስተዋይ ነጋዴ የዛሬውን ልክ ብቻ ሳይሆን ገመዱ ወዴት እንደሚጎተት ይመለከታል። ዱፖንት የተባለው ታላቁ የጋዝ አምራች እንኳ ለብዙ ጊዜ ሲከራከር ከቆየ በኋላ በመጋቢት 1988 የክሎሮፍሎሮካርቦንን ሥራ ቀስ በቀስ እንደሚያቆም አስታወቀ፤ ከዚያም ምትክ ጋዞችን ወደ መሥራት ዞረ።

ንግድን የያዙት ሦስቱ ማሰሪያዎች

ብዙ ስምምነቶች በወረቀት ቀርተዋል፤ ይህኛው ግን በሥራ ውሏል። የዚህም ምክንያት ሕጉን ከንግድ ጋር ያቈራኙት ሦስት ማሰሪያዎች ናቸው።

1ኛው ማሰሪያ የፕሮቶኮሉ አንቀጽ 4 ነው። ይህ አንቀጽ አባል የሆኑ አገሮች አባል ካልሆኑት ጋር በተወሰኑት ጋዞች እንዳይነግዱ ይከለክላል። ከ1990 መጀመሪያ ጀምሮ ከአባል ውጭ ካለ አገር ጋዙን ማስመጣት፥ ከ1993 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ወደዚያ መላክ ተከለከለ። ከስምምነቱ ውጭ ቀርቶ ገበያውን ብቻውን ለመያዝ ያሰበ አገር ቢኖር ገበያው ራሱ የሚዘጋበት ሆነ። በዚህም አሠራር አገሮች ሁሉ ገቡ፤ በ2009 ፕሮቶኮሉና የቪየናው ስምምነት በዓለም ያሉ መንግሥታት በሙሉ ያጸደቋቸው የመጀመሪያዎቹ ስምምነቶች ለመሆን በቁ።

2ኛው ማሰሪያ ለታዳጊ አገሮች የተሰጠው ጊዜና ርዳታ ነው። በነፍስ ወከፍ በዓመት ከ0.3 ኪሎ ግራም በታች የሚጠቀሙ ታዳጊ አገሮች የ10 ዓመት የመቈያ ጊዜ ተፈቀደላቸው። በ1990 ደግሞ የበለጸጉት አገሮች የሚያዋጡበት ልዩ የገንዘብ ድርጅት ተቋቋመ፤ በዚህም ገንዘብ ፋብሪካዎች ተለወጡ፥ የፍሪጅ ጠጋኞችና የጉምሩክ ሠራተኞች ሠለጠኑ።

3ኛው ማሰሪያ የፈቃድ ሥርዐት ነው። በ1997 በተደረገው ማሻሻያ እያንዳንዱ አገር ጋዞቹ ሲገቡና ሲወጡ በቅድሚያ በሚሰጥ ፈቃድ እንዲቈጣጠር ተወሰነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሕጉን የሚያስፈጽመው ጠመንጃ የያዘ ዘብ ሳይሆን የነጋዴው ሰነድ ሆነ፤ ፈቃዱ፥ የዋጋ ዝርዝሩ፥ የመርከብ መጫኛ ሰነዱና በሲሊንደሩ ላይ የተጻፈው ስም አራቱ አንድ ቃል መናገር አለባቸው።

የጊዜው ሰሌዳ

ጋዞቹን በሦስት ትውልድ ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ትውልድ ክሎሮፍሎሮካርቦን ነው፤ በገበያ አር-12 የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። በታዳጊ አገሮች በ1999 አጋማሽ በነበረበት እንዲቆም፥ በ2005 በግማሽ፥ በ2007 በመቶ 85 እንዲቀነስ ተደርጎ በ2010 መጀመሪያ ፈጽሞ ተከለከለ።

ሁለተኛው ትውልድ ሃይድሮክሎሮፍሎሮካርቦን ነው፤ በአየር ማቀዝቀዣዎች እጅግ የታወቀው አር-22 በዚህ ውስጥ ይቈጠራል። ኦዞንን የሚጎዳው ከፊተኛው ባነሰ መጠን ስለ ሆነ ለጊዜው መሸጋገሪያ እንዲሆን ተፈቅዶ ነበር። ለታዳጊ አገሮች መነሻው የ2009ና የ2010 አማካይ ልክ ሲሆን፥ በ2013 በዚያው እንዲቆም፥ በ2015 በመቶ 10፥ በ2020 በመቶ 35፥ በ2025 በመቶ 67.5 እንዲቀነስ ታዘዘ። ከ2030 ጀምሮ ቀድሞ ለተተከሉ ማሽኖች ጥገና እስከ 2040 ድረስ ከምትፈቀደው በአማካይ በመቶ 2.5 ከምትሆን ጥቂት ድርሻ በቀር ፈጽሞ ይቀራል።

የዚህን ሰሌዳ ትርጕም በንግድ ቋንቋ መተርጐም ቀላል ነው። አንድ የአየር ማቀዝቀዣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ዛሬ በርካሽ የተገዛ የአር-22 ማሽን ዕድሜውን ሳይጨርስ ጋዙ ከገበያ ይጠፋበታል ወይም ዋጋው ይንራል። ጕዳቱም በገዢው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ገዢው የሚመለሰው ወደ ሸጠለት ሱቅ ነውና የነጋዴው ስም አብሮ ይጎድፋል።

ሦስተኛው ትውልድ ሃይድሮፍሎሮካርቦን ነው። አር-134ኤ፥ አር-404ኤ፥ አር-410ኤና አር-32 የዚህ ወገን ናቸው። ክሎሪን ስለሌላቸው ኦዞንን አያፈርሱም፤ ነገር ግን የምድርን ሙቀት የመያዝ ኀይላቸው ብርቱ ነው። ስለዚህ በጥቅምት 15 ቀን 2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ የተሰበሰቡት አገሮች እነዚህንም በፕሮቶኮሉ ሥር አገቧቸው። የኪጋሊ ማሻሻያ ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ጸንቷል። አብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች ባሉበት ምድብ ፍጆታው በ2024 በነበረበት እንዲቆም፥ በ2029 በመቶ 10፥ በ2035 በመቶ 30፥ በ2040 በመቶ 50፥ በ2045 በመቶ 80 እንዲቀነስ ተወስኗል። ማሻሻያውን ካልተቀበሉ አገሮች ጋር በእነዚህ ጋዞች መነገድ ከ2033 ጀምሮ ይከለከላል።

በኪጋሊው ማሻሻያ ውስጥ አስመጪ በደንብ ሊያጤነው የሚገባ አንድ የሂሳብ ነገር አለ። የአገር ድርሻ የሚለካው በጋዙ ክብደት ብቻ ሳይሆን ሙቀት በመያዝ ኀይሉ ተባዝቶ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ኀይል 1 ተብሎ ሲወሰድ አር-32 675፥ አር-134ኤ 1,430፥ አር-410ኤ 2,088፥ አር-404ኤ ደግሞ 3,922 ይሆናል። እንግዲህ 1 ቶን አር-404ኤ ከአገሪቱ ድርሻ የሚበላው 1 ቶን አር-32 ከሚበላው ስድስት እጥፍ ያህል ነው ማለት ነው። ድርሻው እየጠበበ በሄደ ቍጥር ኀይለኛውን ጋዝ የሚፈልግ ማሽን ያስመጣ ነጋዴ ጋዝ ለማግኘት ይቸገራል፤ ቀላሉን የመረጠ ግን ሰፊ ቦታ ይኖረዋል። ከእነዚህም ሁሉ ይልቅ አር-600ኤ የሚባለው ኢሶቡታንና አር-290 የሚባለው ፕሮፔን ሙቀት የመያዝ ኀይላቸው እጅግ አነስተኛ ነው። የሚቃጠሉ ጋዞች ስለ ሆኑ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል።

የማስፈጸም ትግል

ሕግ ሲወጣ ሕገ ወጥ ንግድ ይከተለዋል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1990 ጀምሮ በክሎሮፍሎሮካርቦን ላይ ግብር ጣለ፤ ግብሩም በ1995 በፓውንድ 5.35 ዶላር ደረሰ። በዚያን ጊዜ በታዳጊ አገሮችና በሩሲያ ጋዙ ገና በርካሽ ይሠራ ስለ ነበር የዋጋው ልዩነት ኮንትሮባንድን ጋበዘ። በፍሎሪዳ በማያሚ ወደብ በኩል ጋዙ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ ነው እየተባለ በውስጥ ገበያ ይሸጥ ነበር፤ አንዳንዱም አዲስ ሳለ አገልግሎ የተጣራ ነው ተብሎ በሰነድ ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተባብረው ባደረጉት ምርመራ ብዙ ጋዝ ተያዘ፤ ወንጀለኞቹም ለፍርድ ቀረቡ። በዚህ ጊዜ እጅግ የተጎዳው ግብሩን ከፍሎ በቀና መንገድ ያስመጣው ነጋዴ ነበር፤ ዕቃው በኮንትሮባንዱ ዋጋ ተሸንፎ በመጋዘን ቀረበት። ስለዚህ የሕጉ መላላት የሚጠቅመው ነጋዴን አይደለም፤ አጭበርባሪን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የሰው ሕይወት የጠፋበት ነው። በ2011 በቬትናምና በብራዚል ቀዝቃዛ ኮንቴነሮች በጥገና ወይም በፍተሻ ላይ ሳሉ ፈንድተው ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። በምርመራው እንደ ታወቀው አር-134ኤ ተብሎ የተሞላው ጋዝ ከሜቲል ክሎራይድ ጋር የተደባለቀ ሐሰተኛ ጋዝ ነበር። ሜቲል ክሎራይድ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ካለው አሉሚኒየም ጋር ሲዋሐድ አየር እንደ ነካው በራሱ የሚነድ ነገር ይፈጥራል። የመርከብ ድርጅቶችም በቬትናም ጥገና የተደረገላቸውን ብዙ ኮንቴነሮች ከሥራ ለማገድ ተገደዱ። በ1928 ከቤት እንዲወጣ የተደከመለት መርዛም ጋዝ ከ80 ዓመት በኋላ በርካሽነቱ ምክንያት በሐሰተኛ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ አየሩ ራሱ ምስክር እንደሚሆን ያሳያል። በ2018 የታተመ ጥናት ሲኤፍሲ-11 የተባለው የተከለከለ ጋዝ በአየር ውስጥ መቀነስ ሲገባው እንደሚጠበቀው እንዳልቀነሰና አንድ ሰው በስውር እያመረተው እንደ ሆነ አስታወቀ። በ2019 በኮሪያና በጃፓን ካሉ የመለኪያ ጣቢያዎች የተገኘው ልክ ተመርምሮ አብዛኛው ጭማሪ ከምሥራቅ ቻይና በተለይም ከሻንዶንግና ከሄቤይ አውራጃዎች እንደሚመጣ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የተደረገው ልኬት የጋዙ ልቀት እንደ ገና መውረዱን አሳይቷል። ሰነድ ሊደበቅ ይችላል፤ የወጣ ጋዝ ግን በመለኪያ ይታያል።

አራተኛው ምሳሌ ከአፍሪካ ነው። በአውሮፓ አገልግለው የተጣሉ ፍሪጆች ወደ ጋና በብዛት ይገቡ ነበር። እነዚህ ዕቃዎች በመግዣቸው ርካሽ ቢሆኑም መብራት የሚፈጁና በተከለከሉ ጋዞች የሚሠሩ ስለ ነበሩ የጋና መንግሥት በ2008 ባወጣው ደንብ አሮጌ ማቀዝቀዣዎችና አየር ማቀዝቀዣዎች እንዳይገቡ ከለከለ፤ ክልከላውንም ከ2013 መጀመሪያ ጀምሮ በወደቦች አስፈጸመ። ከደንቡ መውጣት እስከ መፈጸሙ ድረስ የነበረውን ጊዜ የተጠቀመበት ነጋዴ አሮጌውን ሸጦ ወደ አዲሱ ተሻገረ፤ ሕጉ አይፈጸምም ብሎ የተቀመጠው ግን ዕቃው በወደብ ተያዘበት።

የፕሮቶኮሉ ማኅበር ራሱ አባል አገሮችን የሚቈጣጠርበት ሥርዐት አለው። እያንዳንዱ አገር ያስገባውንና ያስወጣውን በየዓመቱ ያስታውቃል፤ 10 አገሮች ያሉበት ኮሚቴም ሪፖርቶቹን መርምሮ ግዴታውን ላልፈጸመ አገር የማረሚያ ዕቅድ ያዘጋጃል። ሩሲያ በ1995 ግዴታዋን በጊዜው መፈጸም እንዳልቻለች ባስታወቀች ጊዜ በቅጣት ፈንታ ርዳታና የጊዜ ዕቅድ ተሰጥቷት የክሎሮፍሎሮካርቦን ፋብሪካዎቿን በ2000 መጨረሻ ዘጋች።

በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የቪየናውን ስምምነትና የሞንትሪያሉን ፕሮቶኮል በ1994 ተቀበለች፤ የኪጋሊንም ማሻሻያ በ2019 አጽድቃለች። ስምምነቱን በአገር ውስጥ ለማስፈጸም በ2011 የኦዞንን ሽፋን የሚያሳሱ ነገሮችን የሚቈጣጠር አዋጅ በቍጥር 716 ወጥቷል። ሥራውን የሚመራው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ሲሆን፥ በመግቢያ በሮች ያለው ቍጥጥር የጉምሩክ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ጋዞቹን የምትጠቀም እንጂ የምትሠራ አገር አይደለችም። በዚህም ምክንያት የሕጉ ክብደት በሙሉ የሚያርፈው በፋብሪካ ላይ ሳይሆን በአስመጪው ላይ ነው፤ በአገሪቱ ስም የተገባው ግዴታ የሚጠበቀው ወይም የሚፈርሰው በአስመጪው ሰነድ ነው።

ነጋዴው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

ለአስመጪ፤

1ኛ/ ከሻጩ ጋር ከመዋዋሉና ኤልሲ ከመክፈቱ በፊት የማሽኑን የጋዝ ስምና ለእያንዳንዱ ማሽን የሚገባውን መጠን በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህ ነገር በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ ተጽፎ ይገኛል፤ የሰሌዳውን ፎቶግራፍ አስቀድሞ ማስላክ ይቻላል።

2ኛ/ ፈቃድ የሚያስፈልገው ዕቃ ከሆነ ፈቃዱን ዕቃው ከመጫኑ በፊት ያውጣ። ዕቃው በመርከብ ላይ ሳለ ፈቃድ መፈለግ ከሁሉ የሚከፋ ኪሳራ የሚያመጣ ልማድ ነው።

3ኛ/ የታሪፍ ቍጥሩን ከትራንዚተሩ ጋር ይመርምር። ማቀዝቀዣዎች በ84.18፥ አየር ማቀዝቀዣዎች በ84.15 ሥር ይመደባሉ። ያልተደባለቁት ጋዞች በ29.03 ሥር ሲሆኑ፥ በ2022 በተሻሻለው የዓለም አቀፍ የዕቃ አመዳደብ ለየጋዙ የተለየ ንኡስ ቍጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ድብልቆቹም 38.27 የሚል አዲስ ቍጥር አግኝተዋል። ከዚህ የተነሣ ጋዝ በሚል አጠቃላይ ስም ብቻ ዕቃን ማሳለፍ እየከበደ ሄዷል።

4ኛ/ የሲሊንደር ቀለም ማስረጃ አይደለም፤ ቀለም ማንም ይቀባል። የጉምሩክ ሠራተኛ በመለያ መሣሪያ ጋዙን ሊመረምር እንደሚችል አስቦ፥ ነጋዴው ራሱ ከአምራቹ የጥራት ምስክር ወረቀት ይቀበል። ከገበያው ዋጋ እጅግ ወርዶ የቀረበ ጋዝ ቢኖር ርካሽነቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ለላኪ፤

1ኛ/ ሜቲል ብሮማይድ የተባለው የማጠኛ መድኃኒት ኦዞንን ከሚጎዱት አንዱ ስለ ሆነ በበለጸጉት አገሮች ከ2005፥ በታዳጊዎቹ ከ2015 ጀምሮ ተከልክሏል። ለኳራንቲንና ለቅድመ ጭነት ማጠን ከክልከላው ነጻ ነው፤ ቅድመ ጭነት የሚባለውም ዕቃው ከመላኩ በፊት ባሉት 21 ቀኖች ውስጥ፥ የገዢው ወይም የላኪው አገር ደንብ ስለሚያዝ የሚደረገው ነው። ስለዚህ ላኪው እህሉን ከማሳጠኑ በፊት ገዢው የሚቀበለውን የመድኃኒት ዓይነት በውሉ ውስጥ ያስጽፍ።

2ኛ/ የእንጨት ሣጥንና የዕቃ መደርደሪያ እንጨት በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በሙቀት ወይም በመድኃኒት ታክሞ ምልክት ሊመታበት ይገባል። በሙቀት ሲሆን የእንጨቱ መካከል በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መቈየት አለበት። በሙቀት የታከመውን የመረጠ ላኪ ከመድኃኒቱ ክርክር ያርፋል።

3ኛ/ በቀዝቃዛ ኮንቴነር የሚልክ ነጋዴ የኮንቴነሩን የጥገና ታሪክ ከመርከብ ድርጅቱ ይጠይቅ፤ የ2011ዱ አደጋ እንደሚያስተምረው የጋዝ ሐሰተኛነት የጭነትንም የሰውንም ደኅንነት ያጠፋል።

ለባለ ሱቅ፤

1ኛ/ የሚሸጠው ፍሪጅ በምን ጋዝ እንደሚሠራ ለገዢው ይንገር፤ በደረሰኙም ላይ ይጻፍለት። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም በኋላ ለሚነሣው የጥገና ክርክር ዳኛ ይሆናል።

2ኛ/ አር-600ኤ ያለበት ፍሪጅ እሳት ባለበት ቦታ እንዳይጠገን ያድርግ፤ ለሌላ ጋዝ በተሠራ ማሽን ውስጥም የሚቃጠል ጋዝ አይሙላ፥ አያስሞላ።

3ኛ/ ጠጋኙ አሮጌውን ጋዝ ወደ አየር እንዲለቅቅ አይፍቀድ፤ ሁለት ዓይነት ጋዝም አይደባለቅ። በአግባቡ ተሰብስቦ የተጣራ ጋዝ ድርሻ እየጠበበ በሚሄድበት ዘመን ዋጋ ያለው ንብረት ነው።

የሕጉ ፍሬ

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ድርጅትና የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት በ2023 መጀመሪያ ባስታወቁት ምርመራ መሠረት ከተከለከሉት ኦዞን አፍራሽ ጋዞች በመቶ 99 ያህሉ ከሥራ ውጭ ሆነዋል። አሁን ያለው ሕግ ከተጠበቀ የኦዞኑ ሽፋን በአብዛኛው ዓለም በ2040 ገደማ፥ በሰሜን ዋልታ በ2045፥ በደቡብ ዋልታ ደግሞ በ2066 ገደማ በ1980 ወደ ነበረበት ልክ እንደሚመለስ ይጠበቃል። የኪጋሊው ማሻሻያም በሚገባ ቢፈጸም እስከዚህ መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ እስከ 0.5 ዲግሪ የሚደርስ የምድር ሙቀት ጭማሪን እንደሚያስቀር ይገመታል።

ይህን ውጤት ያስገኙት ሳይንቲስቱና ሕግ አውጪው ብቻ አይደሉም። በየወደቡ ሰነዱን አስተካክሎ ያቀረበው፥ ርካሹን ሐሰተኛ ጋዝ አልገዛም ያለው፥ አሮጌውን ዕቃ በጊዜው ትቶ ወደ አዲሱ የተሻገረው ነጋዴም ድርሻ አለው። የዚህ ሕግ ቀኖች ከብዙ ዓመት በፊት ታውቀው የተጻፉ ናቸው፤ 2029፥ 2030ና 2035 ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዶች አይደሉም። የሚያስመጣውን ዕቃ የሚመርጥ ነጋዴ የገበያውን ዋጋ ከሚያይበት መዝገብ አጠገብ እነዚህን ዓመታት ጽፎ ቢያኖር፥ ገንዘቡን ከኪሳራ፥ ስሙን ከነቀፌታ፥ ደንበኛውንም ከአደጋ ይጠብቃል።